የኢሶል ተማሪዋ እና ሁለቱ ፈተናዎች፦ ኤስኤቲ ወይስ ኤሲቲ?

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ጥር ወር፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እህቴ ቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ። ዓመቱ 2025 ነው። እዚህ የምጠራቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።

የእህቴ ባል ሁለተኛውን ስኒ እንደያዘ "አንተ፣ ከሁለቱ የትኛው ነው የሚቀለው?" አለኝ። ልጁ 11ኛ ክፍል ነች። ኮሌጅ ለመግባት ኤስኤቲ ትውሰድ ወይስ ኤሲቲ፣ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። እንግዳ ሆኖ የመጣ ጓደኛው ሳይጠየቅ መለሰ፦ "ኤሲቲ ነዋ! ቴነሲ፣ ናሽቪል ያለችው የወንድሜ ልጅ እሱን ወስዳ ነው ገንዘብ ያገኘችው። ደግሞ ሳይንስ አለው። የሐበሻ ልጅ ሳይንስ አይፈራም።" እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ቀን ብትጠይቁኝ "ኤሲቲ" እል ነበር። ተሳስቼ ነበር።

ልጅቷ ከጓዳ ወጥታ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። በጥቅምት ትምህርት ቤት የወሰደችው የፒኤስኤቲ፣ የኤስኤቲ መለማመጃው ፈተና ውጤት ነው። 980 ይላል፤ እንግሊዝኛው 440፣ ሒሳቡ 540። "ጋሼ፣ መጥፎ ነው አይደል?" አለችኝ በሹክሹክታ፣ አባቷ እንዳይሰማ።

ስለ እሷ ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ 8ኛ ክፍልን ጨርሳ ነው በነሐሴ 2022 ከእናቷ ጋር የመጣችው። አባቷ ቀድሞ መጥቶ ታክሲ ይነዳ ነበር። እዚህ 9ኛ ክፍል ስትገባ ኢሶል ውስጥ አስገቧት። ኢሶል ማለት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ልጆች ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት የሚያገኙበት ክፍል ነው። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እንግሊዝኛዋ ተፈትቷል፤ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ ብትሰሟት እዚህ የተወለደች ትመስላችኋለች። ስታነብ ግን ሌላ ሰው ነች። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ጨብጣ ነው የምታነበው። ያነበበችው ይገባታል። ጊዜ ግን ይፈጃል።

አባቷ የሚያውቀው ፈተና ማትሪክ ነው። አንድ ፈተና፣ አንድ ዕድል፤ ከወደቅክ ወደቅክ። ከአገር ቤት የሚሰማውም ይህንኑ ያጠናክርለታል። በ2014 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ላይ እዚያ ተማሪው የሚመርጠው ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለውን ነው እንጂ ፈተናውን አይመርጥም። "ፈተና ይመረጣል እንዴ?" ያለኝ ከልቡ ነው። ደግሞ ሊደጋገም እንደሚችል ስነግረው "ታዲያ ምኑን ፈተና ሆነ?" አለ።

ይመረጣል። ኤስኤቲ የጀመረው በ1926 ነው፤ ባለቤቱ ኮሌጅ ቦርድ ነው። ኤሲቲ በ1959 ከአይዋ የተነሣ ተፎካካሪው ነው። ድሮ ኤስኤቲ የባሕር ዳርቻ ግዛቶች፣ ኤሲቲ የመሐል አገር ፈተና ይባል ነበር። ዛሬ የፈተና ውጤት የሚያይ ኮሌጅ ሁለቱንም እኩል ይቀበላል። አንዱን ከሌላው ጋር የሚያስተያይ ሠንጠረዥም ሁለቱ ድርጅቶች በ2018 አብረው አውጥተዋል፤ ኤስኤቲ ከ400 እስከ 1600፣ ኤሲቲ ከ1 እስከ 36 ስለሆነ ያለዚያ አይነጻጸርም። የናሽቪሉም ወሬ ምክንያት አለው። ቴነሲ 11ኛ ክፍሎችን ኤሲቲ በትምህርት ቤት ያስፈትናል፤ የግዛቱ ሆፕ የተባለ የነፃ ትምህርት ድጎማም 21 ያመጣን ልጅ ይቀበላል። ያቺ ልጅ ኤሲቲ የወሰደችው ስለቀለላት ሳይሆን ደጇ ላይ ስለመጣላት ነው። ሜሪላንድ ላለች ልጅ ይህ አይሠራም።

"ፈተናው እኮ ቀርቷል" የሚሉም ነበሩ። ከኮቪድ በኋላ ብዙ ኮሌጆች ግዴታነቱን አንሥተው ነበር፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች እስከ ዛሬ ጭራሽ አያዩትም። ግን ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትመዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ ደግሞ በ2024 መልሰው ግዴታ እንደሚያደርጉት አስታወቁ። ሌሎች ብዙዎቹ መሐል ላይ ናቸው፦ ከፈለግሽ ላኪ፣ ካልፈለግሽ ተይው። የእህቴ ልጅ ኢንጂነሪንግ ነው የምትፈልገው። ሒሳቧን የሚያሳይ አንድ ቁጥር በእጇ ቢኖር አይጎዳትም ብለን ተስማማን።

በዚያው ሳምንት አባቷ አንድ የማስጠኛ ማዕከል ወሰዳት። ስሙን አልጠራም። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ አጭር ፈተና ሰጧት፣ "ኤሲቲ ይሻላታል" አሏት፣ 1,800 ዶላር ጠየቁ። የሚቀጥለው የኤሲቲ ክፍል ደግሞ በሚቀጥለው ሰኞ ይጀምራል ተባለ። የአጋጣሚ ነገር። አባቷ ካርዱን ሊያወጣ ሲል እህቴ ደወለችልኝ። "ሁለት ቅዳሜ ስጡኝ" አልኳቸው።

ቅዳሜዎቹን ለምን እንደፈለግኩ ለማስረዳት ስለ ሰዓት ማውራት አለብኝ። የሁለቱ ፈተናዎች ዋና ልዩነት እዚያ ነው፤ ሰው ግን ስለ ሳይንሱ ነው የሚያወራው።

ኤስኤቲ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ሆኗል። ንባብና ጽሑፍ አንድ ላይ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ ነው። አካፍሉት፤ ለአንድ ጥያቄ 71 ሰከንድ ይደርሳል። ምንባቦቹ አጫጭር ናቸው፤ አንድ አንቀጽ፣ አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ ሌላ አንቀጽ። ሒሳቡ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ፤ ለአንዱ 95 ሰከንድ። በወረቀት ይሰጥ የነበረው የቆየው ኤሲቲ ግን እንግሊዝኛው 75 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ነበር፤ 36 ሰከንድ ለአንዱ! ሒሳቡ 60 በ60። ንባቡ 40 ጥያቄ በ35 ደቂቃ ነበር፤ 52 ሰከንድ ገደማ፣ ያውም ረጃጅሞቹን ምንባቦች ማንበቢያው ጭምር። ሳይንሱም እንዲሁ 40 በ35። ሳይንስ ይባል እንጂ የሚጠይቀው የተማርሽውን ባዮሎጂ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ሠንጠረዥና ግራፍ በፍጥነት ማንበብ ነው። የኤሲቲ ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሲታዩ ብዙ ጊዜ ቀጥተኛ ናቸው። "ይቀላል" የሚባለውም ለዚህ ነው። ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ግን ቀላል ጥያቄ ሳይደርሱበት ከቀሩ ምን ይረባል?

የመጀመሪያው ቅዳሜ ኤስኤቲ። ብሉቡክ የሚባለውን የኮሌጅ ቦርድ መተግበሪያ በላፕቶፕ ላይ ጫንን፤ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነፃ አሉበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ስልኳን እናቷ ይዛው፣ ታናሽ ወንድሟ ወደ እኔ ቤት ተልኮ። ሁለተኛው ቅዳሜ ኤሲቲ። ድርጅቱ በድረ ገጹ ላይ በነፃ የሚያወጣውን የወረቀት ፈተና አሳተምን፤ እኔ ሰዓት ያዥ ሆንኩ።

ኤስኤቲ፦ ንባብና ጽሑፍ 470፣ ሒሳብ 590፣ ድምሩ 1060። ኤሲቲ፦ እንግሊዝኛ 16፣ ሒሳብ 22፣ ንባብ 16፣ ሳይንስ 21፣ አማካዩ 19። በሠንጠረዡ 1060 ከ21 ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ኤስኤቲው በሁለት ነጥብ ይበልጣል። ነገሩ አልቋል አይደል?

አላለቀም። የኤሲቲውን የንባብ መልስ ወረቀት ሳርም 24ቱን ብቻ ነው የመለሰችው፤ 16ቱ ባዶ። ከመለሰቻቸው 17ቱ ትክክል። ማለትም ከደረሰችባቸው ውስጥ አብዛኛውን ታውቃለች። ቆይ፣ ባዶ ለምን ተውሽ? "ካላወቅሽ አትንኪ ብለውናል" አለችኝ። ማን? አዲስ አበባ፣ 6ኛ ክፍል፣ አስተማሪዋ። አንጀቴን በላችው። እዚህ በሁለቱም ፈተና የተሳሳተ መልስ አያስቀንስም። ኤስኤቲ ድሮ ሩብ ነጥብ ይቀንስ ነበር፤ በ2016 ቀርቷል። ይህንን ቀድሜ አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው። ማንም ያውቀዋል ብዬ ነው ያለፍኩት።

ሰኞ ዕለት እህቴ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር፣ የተማሪዎች አማካሪዋን አነጋገረች። ሄዳ የነበረው ስለ ክፍያ ነፃ ፈቃድ ልትጠይቅ ነው። (የምሳ ድጎማ የሚያገኝ ልጅ ሁለቱንም ፈተና ሳይከፍል መውሰድ ይችላል። ኤስኤቲ በዚያን ጊዜ 68 ዶላር ነበር። ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ይህ መብት እያለው በማፈር ይከፍላል።) ካውንስለሯ ግን ሌላም ነገር አነሣች፦ "ልጅሽ ኢሶል ውስጥ ስለሆነች ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀድላታል።"

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የተገለበጠው። እኔ በበኩሌ ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጠው የጤና ወይም የመማር ችግር ላለበት ተማሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኤሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪ ለሆነ ልጅ አንድ ተኩል እጥፍ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ቃል በቃል መዝገበ ቃላትም እንዲይዝ፣ ማለትም ትርጓሜ ሳይኖረው የቃሉን አቻ ብቻ የሚሰጥ። ጥያቄው የሚቀርበው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው፤ ቅዳሜ በሚሰጠው ተራ ፈተናም ይሠራል። ኤስኤቲም ተመሳሳይ ድጋፍ አለው፤ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ በሥራ ቀን በሚሰጠው ፈተና ብቻ። ቅዳሜ ሄዳ ከወሰደችው ሰዓቱ እንደማንኛውም ተማሪ ነው። በሁለቱም ኮሌጁ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ "ይህች ልጅ ተጨማሪ ሰዓት ነበራት" የሚል ማስታወሻ የለም።

አባቷ ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም። "ልመና ነው" አለ። "እኔ ልጄ በእኩል ሰዓት ተወዳድራ ነው የምፈልገው።" እናቷ ሌላ ነገር ነው ያሰበችው። በዚያው ወር ዊዳ የሚባለው የኢሶል ዓመታዊ የቋንቋ ፈተና ነበረ። ጥሩ ካመጣች ከኢሶል ትወጣለች። ከወጣች ተጨማሪ ሰዓቱ ይቀራል። እህቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ትንሽ አጥፍታ ብትሠራውስ?" አለችኝ።

ልጅቷ ሰምታለች። "ከኢሶል መውጣት እፈልጋለሁ" አለች። ብቻ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ጓደኞቿ የመረጡትን ክፍል ሲወስዱ እሷ የቋንቋ ክፍል ነው የምትገባው። አንድም ቀን ስታማርር አልሰማንም፤ ለካ ውስጧ ነበር። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጁ ጎን ቆመ፦ "ዊዳውን በሙሉ አቅሟ ትሥራ። ሰዓቱን ግን እስካላት ድረስ ትጠቀምበት።" ከልመና ወደ መብት የተሻገረው እንዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። እኔም ዝም አልኩ፤ ከዚህ የተሻለ የምጨምረው አልነበረኝም።

እንግዲህ ንጽጽሩን እንደገና መሥራት ነበረብን። በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች ሁለቱንም በአንድ ተኩል ሰዓት ወሰደች፤ ሌሎች የልምምድ ቅጾችን፣ አንድም ባዶ ሳትተው። ኤሲቲ፦ እንግሊዝኛ 18፣ ሒሳብ 24፣ ንባብ 21፣ ሳይንስ 23፣ አማካዩ 22። በሠንጠረዡ ከ1110 ጋር እኩል። ኤስኤቲ፦ 530 እና 610፣ ድምሩ 1140፣ በኤሲቲ 23 ገደማ። ንባቧ ከ16 ወደ 21 መዝለሉን ልብ በሉ። ሰዓት ሲጨመርላት ኤሲቲው ይበልጥ ነው የተሻሻለው፤ በሦስት ነጥብ። ልዩነቱ ከሁለት ነጥብ ወደ አንድ ጠበበ። አንድ ነጥብ ደግሞ ብዙም የሚያወራ ነገር አይደለም። አራተኛ ሙከራዋ ስለነበረም እጇ ተፍታቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አልወሰነልንም።

የወሰኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ በዚያ ጸደይ ኤሲቲ ራሱ እየተለወጠ ነበር። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጠው አዲሱ ኤሲቲ አጠረ፤ እንግሊዝኛው 50 ጥያቄ በ35 ደቂቃ፣ ሒሳቡ 45 በ50፣ ንባቡ 36 በ40። ሳይንሱ በፍላጎት ሆነ፤ ከአማካዩም ወጣ። የወረቀቱ እስከ መስከረም በአሮጌው ቀጠለ። ለአንድ ንባብ ጥያቄ 67 ሰከንድ መድረሱ ለእሷ መልካም ዜና ነው። ግን ሳይንሱ ከአማካዩ ሲወጣ የእሷ 22 ወደ 21 ይወርዳል፤ ሳይንስ ከፍ አድርጎ የያዘላት አንዱ ክፍል ነበርና። "ሐበሻ ሳይንስ አይፈራም" ያለው እንግዳችን እውነቱን ነበር፤ ፈተናው ነው ከእጁ ያመለጠው። ለአዲሱ ደግሞ ያን ጊዜ የልምምድ ቅጽ እንደልብ አልነበረም። የሰው ልጅ ላይ አዲስ ነገር ሲሞከር የመጀመሪያዋ እንድትሆን አልፈለግኩም።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡ። የኤሲቲ ሒሳብ ቀመር አይሰጥም፤ ይህ እሷን አላስጨነቃትም፣ ቀመር መሸምደድ ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው ነው። ያስቸገራት ስፋቱ ነው፦ ማትሪክስ፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። ያርድና ጫማም አለ። አንድ ካሬ ያርድ 3 ካሬ ጫማ ነው ብላ አንድ ጥያቄ ጥላለች፤ 9 ነው። በሜትር ያደገ ልጅ ምን ያድርግ። ኤስኤቲ ላይ ደግሞ ዴስሞስ የሚባለው የግራፍ ማሽን ፈተናው ውስጥ ተገጥሞ ይመጣል፣ በሁሉም የሒሳብ ጥያቄ ላይ ይፈቀዳል። ሁለት እኩልታ ትጽፊያለሽ፣ መስመሮቹ የሚቋረጡበትን ነጥብ ራሱ ያሳይሻል። አባቷ ቆሞ እያየ "ይሄ መኮረጅ አይደለም?" አለ። በደንቡ የተፈቀደ መኮረጅ ነው አልኩት።

ሦስተኛው ከሁሉም ተራው ምክንያት ነው፦ ትምህርት ቤታቸው ኤስኤቲን በሚያዝያ መጀመሪያ በሥራ ቀን ይሰጥ ነበር። በምታውቀው ክፍል፣ በምታውቃቸው አስተማሪዎች ፊት፣ ሰዓቱም ቀድሞ ተመዝግቦላት። ኤሲቲ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ጥያቄ ያቀርባል፣ መልስ ይጠበቃል፣ ከዚያ ቅዳሜ በማይታወቅ ሕንፃ። ካውንስለሯ ደግሞ የመቶዎች ልጆች ካውንስለር ነች።

ኤስኤቲ ሆነ። 1,800 ዶላሩ ቀረ።

ዝግጅቱ ስምንት ሳምንት ነበር፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው። ካን አካዳሚ ላይ ያለው የኤስኤቲ ትምህርት ነፃ ነው። ከእሱ ይልቅ የጠቀማት አንድ ደብተር ነው። የሳተችውን ጥያቄ ሁሉ ትገለብጥና በአማርኛ "ለምን ሳትኩ?" ብላ ትጽፋለች። "ቃሉን አላውቀውም።" "አልገባኝም ሳይሆን ቸኮልኩ።" "ጥያቄው 'አይደለም' ይላል፣ አላየሁትም።" ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሒሳቡ ስሕተት አብዛኛው ሒሳብ እንዳልሆነ ራሷ አወቀች፤ የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። ማታ ማታም አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታነብብልኛለች፣ በስልክ። ዐይኗን ለማፍጠን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

የፈተናው ቀን ዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ። እህቴ አንድ ሌሊት ሙሉ ስትጨነቅ አደረች፦ ልጅቷ ሳትበላ አራት ሰዓት ልትቀመጥ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሻይና ዳቦ አቀረበችላት። "ዛሬስ እሱም ያውቃል" ብላ። ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር። ልጅቷ በላች።

ተጨማሪ ሰዓት ሲባል የማይነገር ነገር አለ። በኮምፒውተሩ ኤስኤቲ ቀድመሽ ብትጨርሺም ወደሚቀጥለው ክፍል መዝለል አይቻልም፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ትጠብቂያለሽ። እረፍቱ ሳይቆጠር 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነው። የሒሳቡ ሁለተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ደነገጠች፤ ጥያቄዎቹ ቀላል መሰሏት። ፈተናው የመጀመሪያውን ክፍል ውጤት አይቶ ሁለተኛውን ከባድ ወይም ቀላል አድርጎ እንደሚያመጣ ነግሬያት ስለነበር "ወደቅኩ ማለት ነው" ብላ ደመደመች። ይህንን መንገሬ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

1170። ንባብና ጽሑፍ 530፣ ሒሳብ 640።

አባቷ የማትሪክ ሰው ነውና "በቃ፣ አለፈች!" አለ። ልጅቷ ግን "በስንት ሰዓት?" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። በሰኔ ቅዳሜ ሄዳ በተራው ሰዓት ወሰደችው፤ 500 እና 650፣ 1150። በሃያ ነጥብ ወረደ። እሷ ግን ይህኛውን ነው ፍሪጅ ላይ የለጠፈችው።

ክረምት ላይ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ዊዳውን አልፋለች፣ ከኢሶል ወጥታለች። የኤሲቲው ተጨማሪ ሰዓት ከዚህ በኋላ አይገኝም፤ በመስከረም ወደ ኤሲቲ እንመለስ ይሆን የሚለው ወሬም እዚያው ሞተ። ነሐሴ 23 ቀን በተራው ሰዓት ለሦስተኛ ጊዜ ተቀመጠች። ንባብና ጽሑፍ 560፣ ሒሳብ 690። 1250።

ማመልከቻው ላይ ውጤቱን የት እንላክ የት አንላክ የሚለው ሌላ ክርክር ሆነ። አብዛኛው ኮሌጅ በየዓመቱ ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ ያወጣል፤ ሲ9 የሚለው ክፍል ተመዝግበው የገቡት አዲስ ተማሪዎች ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ ያሳያል። ውጤትሽ መሐሉ ውስጥ ከገባ ላኪ፣ ከታችኛው ጫፍ በታች ከሆነና ግዴታ ካልሆነ ያዢው። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ ለሦስቱ ተላከ፣ ለሁለቱ አልተላከም። ስድስተኛው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነው። እሱ ኤስኤቲም ኤሲቲም አይጠይቅም፤ ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሻገር ይቻላል። አባቷ "ይህ ካለ ያን ሁሉ ቅዳሜ ምን አስፈለገን?" አለ። እህቴ "አንተ ዝም በል" አለችው።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሟ ደወለልኝ። እዚህ ሲመጣ ትንሽ ስለነበር ንባቡ እንደ ውኃ ነው፣ ቸኩሎ ነው የሚያነበው፤ ሒሳብ ላይ ግን ይነጫነጫል። "ጋሼ፣ እኔም ኤስኤቲ ነኝ አይደል?" አለኝ።

ሁለት ቅዳሜ እንዲያዘጋጅ ነገርኩት።